የሆስትስ.አላው እና የሆስትስ.ዲናይ ሕጎችን ራስን ውጭ ሳይቆልፉ መሞከር

ሁለት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አንደኛው «ዲናይ ፋይሉ ላይ ሁሉንም ከልክያለሁ፣ ሰው ግን አሁንም ይገባል» የሚል ነው። ሁለተኛው ግልባጩ ነው፦ «ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ወጣሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ እኔንም አላስገባ አለ።» የሁለቱም መልስ አንድ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈውና ሊንኩን እየላክሁ ልረፍ።

ስለ ቲሲፒ ራፐርስ ነው የማወራው። ማን ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው ሰርቪስ መግባት እንደሚችል በሁለት ተራ የጽሑፍ ፋይሎች የሚወስነው ዘዴ ማለት ነው። ፋይሎቹ /ኢቲሲ/ሆስትስ.አላው እና /ኢቲሲ/ሆስትስ.ዲናይ ናቸው። ከዚህ በኋላ አላው ፋይል፣ ዲናይ ፋይል እያልኩ ነው የምሄደው። ትእዛዞቹንም በአፍ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ስትመቱ ግን በላቲን ፊደል ነው።

ደረጃዎቹ ትርጉም እንዲሰጧችሁ ይህችን ብቻ ያዙ። አዲስ ግንኙነት ሲመጣ አላው ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። የሚገጥም መስመር ከተገኘ ሰውየው ገባ፣ ንባቡም እዚያው ቆመ። ካልተገኘ ዲናይ ፋይሉ ይነበባል፤ እዚያ የሚገጥም ካለ ተከለከለ። ሁለቱም ጋ ምንም ከሌለ ግን ይገባል። አዎ፣ ይገባል። ፋይሉ ባዶ ቢሆን፣ ጭራሽ ባይኖርም፣ በሩ ክፍት ነው።

ስለዚህ አላው ፋይሉ ላይ ብትሳሳቱ ሰው ይጮህባችኋል፣ ቶሎ ትሰማላችሁ። ዲናይ ፋይሉ ላይ ብትሳሳቱ ግን ማንም አይጮህም፤ በሩ ዝም ብሎ ክፍት ሆኖ ይከርማል። መግባት ያለበት ሰው መግባቱን ብቻ አይታችሁ «ሠርቷል» ካላችሁ ግማሹን ሥራ አልሠራችሁም ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሩት ፈቃድ፣ ወይም ሱዱ።
- ሁለት ክፍት ተርሚናል። አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ተከፍቶ የሚቀመጥ።
- ቲሲፒዲማች እና ቲሲፒዲቼክ የሚባሉት ሁለት መሣሪያዎች። ደቢያን እና ኡቡንቱ ላይ «ቲሲፒዲ» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ናቸው፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ከሲስተሙ ጋር አብረው ይመጣሉ። ሁለተኛው ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አናባቢ የለም፣ ሲ-ኤች-ኬ ብቻ ነው። «ትእዛዙ አልተገኘም» ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ።
- ኤንሲ፣ ማለትም ኔትካት፤ ወደ አንድ አድራሻና ፖርት ጥሬ ግንኙነት የሚከፍት መሣሪያ።
- ኤቲ የሚባለው ሰዓት ጠብቆ ትእዛዝ የሚያስኬድ ፕሮግራም።
- የማሽኑ ኮንሶል፣ ወይም የክላውዱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ኮንሶል። የይለፍ ቃሉን አሁን ሞክሩት፣ ከተቆለፈባችሁ በኋላ አይደለም።
- ከውጭ የምትሞክሩበት ሌላ መስመር። የስልካችሁ ሆትስፖት ይበቃል።

ለምሳሌ የምንወስደው ሰርቨር የአንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ኤስኤስኤች፣ ማለትም ሰርቨሩን ከሩቅ በትእዛዝ የምንቆጣጠርበት መንገድ፣ ከቢሮው ኔትወርክ ከ192.168.10 እና ከቪፒኤኑ ከ10.8.0 ብቻ እንዲገባ እንፈልጋለን። ከቢሮው ውስጥ ደግሞ ደንበኞች የሚነካኩት አንድ ኮምፒውተር አለ፣ 192.168.10.66፤ እሱ መግባት የለበትም።

ደረጃ 1፦ ሰርቪሱ ፋይሎቹን ያነባቸው እንደሆነ እዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ ብዙው ችግርም ያለው እዚሁ ነው። ፋይሎቹን የሚያነበው ኬርነሉ አይደለም፣ ፋየርዎሉም አይደለም። ራሱ ሰርቪሱ ነው፣ ያውም ሊብራፕ ከሚባለው ላይብረሪ ጋር ተያይዞ ከተሠራ ብቻ። ካልተያያዘ ፋይሉ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ዞር ብሎም አያየው። ኤስኤስኤችን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ኤስኤስኤችዲ ነው፤ ከየትኞቹ ላይብረሪዎች ጋር እንደተያያዘ ኤልዲዲ ያሳያችኋል፦

ኤልዲዲ /ዩኤስአር/ኤስቢን/ኤስኤስኤችዲ | ግሬፕ ሊብራፕ

የሊብራፕ መስመር ከወጣ ቀጥሉ። ምንም ካልወጣ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ። ከኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024 ወዲህ፣ ኤስኤስኤችዲ ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዱ ፖርቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ኤስኤስኤችዲ-ሴሽን የሚባለው እያንዳንዱን ግንኙነት ይይዛል። ያንንም በኤልዲዲ እዩት። ላይብረሪው ፕሮግራሙ ውስጥ ተጋግሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኤልዲዲ አያሳየውም፤ ያኔ ስትሪንግስ በሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ ውስጥ «ሆስትስ አክሰስ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፣ ሁለቱ ቃላት በታች ሰረዝ የተያያዙ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ከሌለ የለም። ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ ይህን ድጋፍ ከ6.7 ጀምሮ በ2014 አውጥቶታል። ደቢያን እና ኡቡንቱ በራሳቸው ጨማምረው አቆዩት እንጂ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 8 ላይ ቲሲፒ ራፐርስ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይህን መመሪያ እዚህ ጋ ተዉትና ፋየርዎልዲን ተጠቀሙ፣ ወይም የኤስኤስኤችዲን የራሱን ማች አድረስ ሕግ። እሱንም በኤስኤስኤችዲ ትልቁ -ቲ ከትልቁ -ሲ ጋር አድራሻ ሰጥታችሁ መሞከር ይቻላል፤ ለዚያ አድራሻ የትኛው ኮንፊግ እንደሚሠራ ያወጣላችኋል።

ደረጃ 2፦ መመለሻ አዘጋጁ

ሳይቃጠል በቅጠል። የፋይሎቹን ቅጂ አስቀምጡ፦

ኤምኬዲር -ፒ /ሩት/ሆስት-ልማድ
ሲፒ -ፒ /ኢቲሲ/ሆስትስ.አላው /ኢቲሲ/ሆስትስ.ዲናይ /ሩት/ሆስት-ልማድ/

ከዚያ ከ15 ደቂቃ በኋላ ነባሮቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ ቀጠሮ ያዙ፦

ኤኮ "ሲፒ -ፒ /ሩት/ሆስት-ልማድ/ሆስትስ.* /ኢቲሲ/" | ኤቲ ናው + 15 ሚኒትስ

ኤቲኪው ብላችሁ ቀጠሮው መያዙን አረጋግጡ። የኤቲ ሰርቪስ ተነሥቶ ካልሆነ ቀጠሮው ወረፋ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል እንጂ አይሠራም፤ እሱንም በሲስተምሲቲኤል እዩት። 15 ደቂቃ ካነሳችሁ ሰርዛችሁ እንደገና ያዙ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ሁለተኛውን ተርሚናል አትዝጉት። ፍተሻው የሚደረገው አዲስ ግንኙነት ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የገባ ሴሽን በአዲስ ሕግ አይባረርም። የምታጠፉትን የምታርሙት በእሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሴሽኑ ክፍት ነው ብላችሁ ቀጠሮውን አትዝለሉት። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ኔትወርኩ ሊቋረጥ ይችላል፣ ላፕቶፑም ሊተኛ ይችላል። ያኔ ያ ሴሽን ውኃ በላው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሰርቪሱ እውነት እንደሚታዘዝ ማንንም ሳትነኩ አረጋግጡ

ይህቺን ዘዴ እወዳታለሁ። ሊነክስ ላይ በ127 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ የማሽኑ የራሱ ነው፣ 127.0.0.1 ብቻ አይደለም። ስለዚህ 127.0.0.2ን እንደ «ባዕድ ሰው» ልንጠቀምበት እንችላለን። በእሱ የሚገባ ሰው ስለሌለ የሚጎዳ የለም።

ዲናይ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይህንን ጨምሩ፦

ኤስኤስኤችዲ : 127.0.0.2

ከዚያ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክሩ፦

ኤንሲ 127.0.0.1 22
ኤንሲ -ኤስ 127.0.0.2 127.0.0.1 22

የመጀመሪያው «ኤስኤስኤች-2.0-ኦፕንኤስኤስኤች» ብሎ የሚጀምር የሰላምታ መስመር ያመጣል። ሁለተኛው ምንም ሳይናገር መዘጋት አለበት። እንዲህ ከሆነ ኤስኤስኤችዲ ፋይሉን እያነበበ ነው። ሰርቪሱን ሪስታርት አላደረግንም፣ ልብ በሉ። ፋይሎቹ በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ እንደ አዲስ ስለሚነበቡ ሴቭ ባደረጋችሁባት ቅጽበት ሕጉ ሥራ ላይ ነው። ቀጠሮውን አስቀድመን የያዝነውም ለዚህ ነው።

ሁለቱም ሰላምታ ካመጡ አላው ፋይሉን እዩ። እዚያ «ኦል» ወይም በ127 የሚጀምር ሰፊ ሕግ ካለ እሱ ቀድሞ አስገብቶታል። እንዲህ ያለ ሕግ ከሌለና አሁንም ከገባ ግን ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ፍሪቢኤስዲ ላይ 127.0.0.2 በራሱ አይኖርም፣ በአይኤፍኮንፊግ ኤልኦ0 ላይ እንደ አሊያስ መጨመር አለበት።

ስትጨርሱ ያቺን የሙከራ መስመር አጥፏት።

ደረጃ 4፦ አዲሱን ሕግ ሌላ ፎልደር ውስጥ ጻፉ

/ኢቲሲ ውስጥ ገብታችሁ በቀጥታ አትጻፉ። ሴቭ እንዳደረጋችሁ ሥራ ላይ ይውላል ብያለሁ፤ ግማሽ የተጻፈ ሕግም እንዲሁ። ሌላ ፎልደር ክፈቱ፣ /ሩት/ሆስት-ሙከራ እንበለው፣ እዚያ ውስጥ በተመሳሳይ ስም ሁለት ፋይል ፍጠሩ።

ሆስትስ.አላው፦

ኤስኤስኤችዲ : 127.0.0.1 [::1]
ኤስኤስኤችዲ : 192.168.10. ኤክሰፕት 192.168.10.66
ኤስኤስኤችዲ : 10.8.0.

ሆስትስ.ዲናይ፦

ኤስኤስኤችዲ : ኦል

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ዓይን የማይይዛቸው ነገሮች አሉ።

ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው የፕሮሰሱ ስም ነው እንጂ የፕሮቶኮሉ አይደለም። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዲ» ከተረሳች «ኤስኤስኤች» የሚባል ሰርቪስ ስለሌለ ሕጉ ማንንም አይገጥምም። ይህ ዲናይ ፋይሉ ላይ ከሆነ የሚሆነው ያው ነው፦ በሩ ክፍት፣ ማንም አይጮህም።

ከ192.168.10 በኋላ ያለችው ነጥብ ጌጥ አይደለችም። በነጥብ የሚያልቅ አድራሻ «በዚህ የሚጀምር ሁሉ» ማለት ነው። ነጥቧ ከሌለች ልክ 192.168.10 የሚባል አድራሻ ይፈለጋል፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ደግሞ የለም። በሌላ መልክ መጻፍ ከፈለጋችሁ 192.168.10.0/255.255.255.0 በሉት። አጭሩን /24 የማይቀበሉ የቆዩ ሲስተሞች ስላሉ ሙሉው ማስክ ይሻላል።

አይፒ ቪ6 በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም ሁለት ነጥቡ በዚህ ፋይል ውስጥ መለያ ምልክት ነው።

መስመሩ ጫፍ ላይ ማስታወሻ አትጻፉ። መስመር በሃሽ ምልክት ከጀመረ ይዘለላል፣ መሃል ላይ ያለ ሃሽ ግን ማስታወሻ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ቃላት ሁሉ የክላየንት ስም ተደርገው ይነበባሉ። አሁን አስቡት፦ አንድ ሰው አላው ፋይሉ ላይ ከቪፒኤኑ አድራሻ ጎን «ለሁሉም ሠራተኞች» የሚል ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ጻፈ። «ሁሉም» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ኦል ነው። ያቺ አንዲት ቃል ዓለምን በሙሉ አስገባች።

ደረጃ 5፦ አጻጻፉን በቲሲፒዲቼክ መርምሩ

ሲዲ /ሩት/ሆስት-ሙከራ
ቲሲፒዲቼክ -ዲ -ቪ

-ዲ ማለት /ኢቲሲን ተወውና አሁን ያለሁበትን ፎልደር እይ ማለት ነው። -ቪ እያንዳንዱን ሕግ እንዴት እንደተረዳው ዘርዝሮ ያሳያል። ይህንን ዝርዝር በትክክል አንብቡት፣ እንደ ፌስቡክ ፖስት ጣል አድርጋችሁ አትለፉት። እናንተ የጻፋችሁት ሳይሆን እሱ የገባው ነው የሚሠራው።

«ኒውላይን የለም ወይም መስመሩ ረዝሟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ የመጨረሻውን መስመር ጽፋችሁ ኢንተር አልመታችሁም ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ኒውላይን የሌለው መስመር ጭራሹን ይዘለላል። ዲናይ ፋይላችን ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱ ከተዘለለ ፋይሉ ባዶ ነው ማለት ነው።

ኢኔትዲ.ኮንፍ የሚባል ፋይል አላገኘሁም ብሎ ከቆመ አትደናገጡ። መሣሪያው የተሠራው ሰርቪሶች ሁሉ በኢኔትዲ በኩል በሚነሱበት ጊዜ ነው፣ ዛሬ ብዙ ማሽን ላይ ያ ፋይል የለም። ባዶ ፋይል በተች ፍጠሩና በ-አይ አሳዩት። ከዚያ «ኤስኤስኤችዲ የሚባል ፕሮሰስ ኢኔትዲ.ኮንፍ ውስጥ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያመጣ ይችላል፤ ኤስኤስኤችዲ በራሱ ስለሚነሳ ይህንን እለፉት። ሌሎቹን ማስጠንቀቂያዎች ግን አትለፉ።

ደረጃ 6፦ በቲሲፒዲማች ጠይቁት

ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የምትጠብቁትን ጻፉ። ማን ይገባል፣ ማን አይገባም። መልሱን ካያችሁ በኋላ «አዎ ይህንን ነበር የጠበቅሁት» ማለት ቀላል ስለሆነ ነው።

የእኛ ዝርዝር ይህ ነው፦ 192.168.10.25 ይገባል። 192.168.10.66 አይገባም። 10.8.0.4 ይገባል። 192.168.100.25 አይገባም፣ ከ192.168.10 ጋር ይመሳሰላል ግን ሌላ ኔትወርክ ነው። 203.0.113.9፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ማንኛውም ሰው፣ አይገባም።

ቲሲፒዲማች -ዲ ኤስኤስኤችዲ 192.168.10.25

የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦

ክላየንት፦ አድረስ 192.168.10.25
ሰርቨር፦ ፕሮሰስ ኤስኤስኤችዲ
ማችድ፦ ሆስትስ.አላው ላይን 2
አክሰስ፦ ግራንትድ

ሰው የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ነው፣ ግራንትድ ወይም ዲናይድ። እኔ ቀድሜ የማየው ሦስተኛውን ነው። የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር? የገባው በመስመር 2 ነው ብላችሁ ጠብቃችሁ በመስመር 1 ከሆነ፣ ዛሬ ውጤቱ ትክክል ቢሆንም ሕጉ ግን እናንተ እንዳሰባችሁት አይደለም። ማችድ የሚለው መስመር ጭራሽ ሳይኖር ግራንትድ ካለ ደግሞ የሚገጥም ሕግ አልተገኘም፣ ሰውየው የገባው የሚከለክለው ስላጣ ነው። በዲናይ ፋይሉ ላይ ስህተት እንዳለ የምታውቁት በዚህ ነው።

192.168.10.66 ላይ ዲናይድ ሲል ማችድ ውስጥ የምታዩት ዲናይ ፋይሉን ነው። ኤክሰፕት ሰውየውን አይከለክልም፣ ከዚያ ሕግ ያወጣዋል እንጂ። የከለከለው ቀጥሎ የመጣው የዲናይ መስመር ነው። ያ መስመር ባይኖር 66 ዘና ብሎ ይገባ ነበር።

ሕጉ ውስጥ ትእዛዝ የሚያስኬድ ስፖውን ካለበት አትፍሩ፣ ቲሲፒዲማች ትእዛዙን ያሳያል እንጂ አያስኬደውም።

ደረጃ 7፦ በስም የተጻፈ ሕግ ካላችሁ ይህንን ጨምሩ

ሁሉም ሕጋችሁ በአድራሻ ከሆነ እለፉት። በስም ከሆነ፣ ለምሳሌ በነጥብ የሚጀምር ዶሜን ወይም «ሎካል» የሚለው ቃል ካለ፣ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለባችሁ።

ለቲሲፒዲማች ስም ስትሰጡት ስሙ ያለውን አድራሻ ሁሉ እየወሰደ ለየብቻ ይመልስላችኋል። አድራሻ ብቻ ስትሰጡት ግን የሚነግራችሁ ስሙን መፈለግ ባይሳካ ምን እንደሚሆን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ዲኤንኤስ ሲወድቅ በስም የሚፈቅዱ ሕጎች ሁሉ ይወድቃሉ፣ በስም የሚከለክሉትም እንዲሁ። በክላየንቱ ቦታ «አንኖውን» እና «ፓራኖይድ» ብላችሁም ጠይቁ። የመጀመሪያው ስሙ ያልታወቀ፣ ሁለተኛው ስሙና አድራሻው የማይገጥም እንግዳ ነው።

አርፒሲባይንድን (የአርፒሲ ሰርቪሶች በየትኛው ፖርት እንዳሉ የሚናገረውን ሰርቪስ) የምትገድቡ ከሆነ ስም አትጠቀሙ፣ አድራሻ ብቻ። ስም መፈለጉ ራሱ በአርፒሲባይንድ በኩል የሚያልፍበት ሁኔታ ስላለ እርስ በርስ ተጠባብቀው ይቆማሉ።

ደረጃ 8፦ ወደ ቦታው አምጡትና በእውነት ሞክሩ

ቀጠሮው ጊዜ እንዳለው በኤቲኪው እዩ። ከዚያ ገልብጡ፣ ዲናይ ፋይሉን መጨረሻ፦

ሲፒ ሆስትስ.አላው /ኢቲሲ/
ሲፒ ሆስትስ.ዲናይ /ኢቲሲ/

ቅደም ተከተሉ ያለምክንያት አይደለም። ዲናይ ቀድሞ ከገባ በመሃል ባለችው ቅጽበት የሚሞክር ሰው ሁሉ ይመለሳል።

ቲሲፒዲማች የነገራችሁ ፋይሉ ምን እንደሚል ነው። ዘበኛው እጅ ያለው ዝርዝር ትክክል ነው ማለት ዘበኛው ዝርዝሩን ያያል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወገን እውነተኛ ግንኙነት ሞክሩ። ከቢሮው አንድ ኮምፒውተር፣ ከቪፒኤኑ፣ ከ66፣ ከዚያ ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ። ሌላ ኮምፒውተር ካጣችሁ በአንዱ የሊነክስ ማሽን ላይ በአይፒ አድር አድ ሁለተኛ አድራሻ ጨምሩና በኤስኤስኤች -ቢ ከእሱ ውጡ፤ ያ አድራሻ በሌላ ሰው አለመያዙን ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

ስትሞክሩ የሚያታልሏችሁ ሦስት ነገሮች አሉ።

ኤንሲ -ዜድ ፖርቱ ክፍት ነው ይላችኋል፣ ሕጉ ቢከለክልም። ምክንያቱም በዚህ ዘዴ የቲሲፒ ግንኙነቱ መጀመሪያ ይሳካል፣ ሰርቪሱ ተቀብሎ ነው ፋይሉን አይቶ የሚዘጋው። «ፖርት ስካን አደረግሁ፣ ክፍት ነው» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። የሰላምታው መስመር መጣ ወይስ አልመጣም? መለኪያው እሱ ነው።

ሁለተኛው የኤስኤስኤች ክላየንት የድሮ ግንኙነትን ደግሞ የመጠቀም ልማድ ነው። ኮንፊጋችሁ ውስጥ ኮንትሮልማስተር ካለ አዲስ የከፈታችሁ የሚመስላችሁ ሴሽን በአሮጌው ግንኙነት ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ሕጉም አይነካውም። ኤስኤስኤች በትልቁ -ኤስ «ነን» ብላችሁ ሞክሩ።

ሦስተኛው አይፒ ቪ6። ሰርቨሩን በስም ከጠራችሁትና ስሙ ቪ6 አድራሻ ካለው የምትገቡት በዚያ ሊሆን ይችላል፤ 192.168 ብለን የጻፍነው ሁሉ ያኔ አይገጥምም። ኔትወርካችሁ ቪ6 ካለው ያንን አላው ፋይሉ ላይ ጨምሩ፣ በቲሲፒዲማችም ጠይቁት።

አልገባም ሲል ደግሞ የመለሰው ማን እንደሆነ ከምልክቱ ይታወቃል። ረጅም ጊዜ ጠብቆ ታይምአውት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎሉ ነው። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ፖርቱ ላይ የሚሰማ ሰርቪስ የለም፣ ወይም ፋየርዎሉ በግልጽ መልሶታል። ግንኙነቱ ተከፍቶ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በሌላው ወገን ተዘጋ ካለ የእኛ ሕግ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ግን ሕጉን አልፏል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 9፦ ሎጉን እዩ

ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኤስኤስኤች | ግሬፕ "ሪፊውዝድ ኮኔክት"

ሎጉ ወደ ፋይል በሚጻፍበት ማሽን /ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ ውስጥ ነው። «ሪፊውዝድ ኮኔክት ፍሮም» ብሎ ከኋላው አድራሻውን ይጽፋል። በአዲሱ ኤስኤስኤች መስመሩ የሚጀምረው በኤስኤስኤችዲ-ሴሽን ሊሆን ስለሚችል የድሮ ግሬፕና የድሮ ፌይልቱባን (ሎግ እያየ አድራሻ የሚያግድ ፕሮግራም) ሕግ ካላችሁ እዩት።

ሎጉን የምናየው ለመዝናናት አይደለም። እዚያ ያለው አድራሻ ሰርቨሩ የሚያየው አድራሻ ነው። እናንተ ከ192.168.10.25 እየመጣሁ ነው ብላችሁ ስታስቡ መሃል ላይ «ናት» የሚያደርግ፣ ማለትም የኮምፒውተሮቹን አድራሻ በራሱ አድራሻ የሚተካ፣ ራውተር ካለ ሰርቨሩ የሚያየው የራውተሩን አድራሻ ነው። ያኔ ራውተሩን መፍቀድ ማለት ከኋላው ያለውን ሁሉ መፍቀድ ነው፣ 66ንም ጨምሮ። እንዲህ ከሆነ ይህ ዘዴ ለዚያ ጉዳይ አይበቃም፣ ገደቡ ራውተሩ ላይ መደረግ አለበት። ከቤት በሞባይል ዳታ የምትሠሩም የሕዝብ አድራሻችሁ ስለሚቀያየር እሱን አላው ፋይል ላይ ለመጻፍ አትድከሙ፤ ቪፒኤኑን ተጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ ቀጠሮውን ሰርዙ

ሁሉም እንደ ወረቀቱ ከሆነ ኤቲኪው ብላችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ኤቲአርኤም ብላችሁ በቁጥሩ ሰርዙት። ይህ ከተረሳ ከ15 ደቂቃ በኋላ አዲሱ ሕጋችሁ ይጠፋና አሮጌው ይመለሳል። ከዚያም «ትናንት ሠርቶ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚል መልእክት ይመጣልኛል።

ፍሪቢኤስዲ ለምትጠቀሙ

አብሮ የሚመጣውን የአላው ፋይል ክፈቱና የመጀመሪያውን ሥራ ላይ ያለ መስመር እዩ፦ ኦል : ኦል : አላው። ሁሉን ለሁሉም ፈቅዷል። መጀመሪያ የገጠመው መስመር ስለሚያሸንፍ ከእሱ በታች የምትጽፉት ሁሉ አይነበብም። ፋይሉ ራሱ ከላዩ ባለው ማስታወሻ ይህንኑ ይናገራል፣ ግን ማስታወሻ የሚያነብ ማን አለ። እዚያ ልማዱ አላውንም ዲናይንም በአንዱ ፋይል ውስጥ፣ በመስመሩ መጨረሻ ላይ እየጻፉ መሄድ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው መስመራችሁ ኦል : ኦል : ዲናይ መሆኑን እዩ። ቲሲፒዲማች እዚያም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፣ ማችድ የሚለው መስመር ሁልጊዜ ያንኑ አንድ የመስመር ቁጥር እያሳየ ካስቸገራችሁ ምክንያቱ ያ ኦል : ኦል : አላው የሚለው መስመር ነው።